«ኢጎ ጠላት ነው» ካልን በኋላ፦ የራያን ሆሊደይ መጽሐፍ በባሌ ደጋ ሲነበብ

ከጎባ ከፍ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ጉባኤ ስለ ትሕትና እንድሰብክ ተጋብዤ ነበር። ስብከቱን በአማርኛ አዘጋጅቼ ሄድኩ። ከጎኔ ቆመው ወደ አፋን ኦሮሞ የሚመልሱልኝ በዕድሜ በብዙ የሚበልጡኝ የጉባኤው ሽማግሌ ነበሩ። ገና በመግቢያዬ «የአገልጋይ ትልቁ ጠላት ኢጎ ነው» አልኩ። አስተርጓሚዬ ዝም አሉ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ቃሉን ደገምኩት። ጥቂት አሰቡና «ኦፍ ቱሉ» ብለው ቀጠሉ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ወዲያ እኔ በረጅሙ የተናገርኩትን እርሳቸው በሁለት ሐረግ ይጨርሱታል፤ ጉባኤው ራሱን የሚነቀንቀውም «አሜን» የሚለውም በእርሳቸው ቃል ነው። ስለ ትሕትና እየሰበክሁ በውስጤ ተናደድኩ።

ከአገልግሎቱ በኋላ ቡና ስንጠጣ ቁጣዬን በጥያቄ ሸፍኜ ለምን እንዳሳጠሩት ጠየቅኳቸው። «መምህር፣ ኢጎ የሚባለውን እዚህ የሚያውቀው የለም። ኦፍ ቱሉ ራስን መከመር ነው። ክምር ግን ሁሉም ያውቃል» አሉኝ። ባሌ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ ክምር ያላየ ሰው በዚያች ጉባኤ አልነበረም። እኔ ከመጽሐፍ ያመጣሁት ቃል ያልደረሰበት ቦታ የእርሳቸው ቃል ደርሶ ነበር።

ያን ስብከት በአብዛኛው ያዘጋጀሁት አሜሪካዊው ጸሐፊ ራያን ሆሊደይ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው «ኢጎ ጠላት ነው» በተሰኘ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ተመሥርቼ ነው። መጽሐፉን የማነሣው የእኔን ስህተት በእርሱ ላይ ለመጫን አይደለም። እንዲህ ያሉ ራስን የማሻሻል መጻሕፍት አሳብ ዛሬ በወጣቶቻችን ስልክ ላይም በመድረኮቻችንም ላይ ስላለ፣ ምን እንደሚሰጠንና ምን እንደሚያስቀርብን በነገረ መለኮት ሚዛን ማየት ስለሚገባን ነው።

መጽሐፉ የሚለው

ሆሊደይ «ኢጎ» ሲል በሥነ ልቦና ሊቃውንት ዘንድ የተለመደውን ጥብቅ ትርጉም መያዙ አይደለም። ሰው ስለ ራሱ ታላቅነት የሚይዘውን ጤናማ ያልሆነ እምነት ማለቱ ነው። መጽሐፉን በሦስት ክፍል ያዋቅረዋል፦ ሰው ገና ሲመኝ፣ ሲሳካለትና ሲወድቅ። በሦስቱም ወቅት ኢጎ በተለየ መልክ እንደሚመጣ ያሳያል። የሚመኘውን ሰው ከመሥራት ይልቅ እንዲያወራ ያደርገዋል፤ የተሳካለትን መማር እንዲያቆም፣ የወደቀውን ደግሞ ሌላውን እንዲከስስ ያደርገዋል። መድኃኒቱ ራስን በሐቅ ማወቅ፣ ዕድሜ ልክ ተማሪ ሆኖ መኖርና ጭብጨባን ሳይጠብቁ ሥራን መሥራት ነው ይላል።

የአሳቡ ምንጭ በአብዛኛው የጥንቶቹ ኢስጦኢኮች ፍልስፍና ነው፤ ጳውሎስ በአቴና ያገኛቸው ማለት ነው (ሐዋ. 17፥18)። ምሳሌዎቹን ግን ከየዘመኑ ይሰበስባል። የአሜሪካ አየር ኃይል የጦር ስልት አዋቂ የነበረው ጆን ቦይድ ወጣት መኮንኖችን «ሰው መባል ትፈልጋለህ ወይስ ሥራ መሥራት?» በሚል መንታ መንገድ ላይ ያቆማቸው እንደ ነበር ይተርካል። በጥንቷ ሮም ከባለጸጋው ፊት እየሄዱ መንገድ የሚጠርጉትን ሰዎች አንሥቶም፣ ለሌላው መንገድ ማቅናት ውርደት ሳይሆን ትምህርት መሆኑን ያሳያል።

የሚመሰገንበት

ይህ መጽሐፍ ብዙ የእኛ ስብከቶች የማይነኩትን ይነካል። እኛ ትዕቢትን ስንሰብክ ናቡከደነፆርን ወይም ሄሮድስን እናመጣለን፤ አድማጩም በአልጋ ወራሽ ልብስ የተጌጠ ሰው እያሰበ በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሆሊደይ ግን ትዕቢትን ከዙፋን አውርዶ በዕለት ሥራችን ውስጥ ያሳየዋል። ያልሠራነውን አስቀድመን ማውራት፣ ከእኛ የሚያንስ መስሎ ከሚታየን ሰው አለመማር፣ የሌላው መመስገን እኛን የቀነሰን መስሎ መሰማት፦ እነዚህ መጋቢ የማያውቃቸው ነገሮች አይደሉም። አዲስ የተመደበው ወጣት አገልጋይ በሕዝብ ሲወደድ ነባሩ መጋቢ የሚሰማውን ያንን ጭምጭምታ ስም ሰጥቶ ማውጣት ዋጋ አለው።

ሁለተኛም፣ ሆሊደይ ትሕትናን በንግግር አይለካም። በእኛ ዘንድ ትሕትና ብዙ ጊዜ የመድረክ ቋንቋ ሆኗል። «እኔ ምንም ነኝ» የሚለው ሰው ከሦስት ማዕረጉ አንዱ ሲዘለል ፊቱ ይለወጣል። «ክብሩ ለጌታ ይሁን» ማለት ተገቢ ነው፤ ክብሩ በእውነት ለጌታ መሄዱ የሚታወቀው ግን ምስጋናው ለሌላ ሰው በተሰጠ ዕለት ነው።

የሚያንስበት

ሆኖም መጽሐፉ ሊመልሰው ያልቻለ አንድ ጥያቄ አለ፤ ኢጎዬን የሚያየው ማን ነው? ሆሊደይ «ራስህን ተመልከት» ይላል። ተመልካቹ ግን ያው የታመመው ሰው ነው። ጸሐፊው ራሱ የመጽሐፉን ርእስ ዘወትር እንዲያስታውሰው በክንዱ ላይ እንዳስነቀሰው ይናገራል። ቅንነቱን አከብራለሁ። ነገር ግን ንቅሳት አይመልስም፤ በተሳሳትን ዕለት «አንተ» ብሎ አይጠራንም። የራሳችን ዓይን ያነበበውን ብቻ መልሶ ያሳየናል። እኔም በዚያች ጉባኤ ፊት ስቆም የመጽሐፉ አሳብ በእጄ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ስናደድ ግን ወረቀቱ ምንም አላለኝም።

መጽሐፍ ቅዱስ የሰውን ልብ ከነገር ሁሉ ይልቅ አታላይ መሆኑን ሲናገር፣ መርማሪው እግዚአብሔር መሆኑን አብሮ ይናገራል (ኤር. 17፥9–10)። መዝሙረኛውም ራሱን መርምሮ ውጤቱን ለእግዚአብሔር ሲያቀርብ አናየውም፤ እግዚአብሔር እንዲመረምረው ይለምናል (መዝ. 139፥23–24)። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ስለ አገልጋዮች ማዕረግ ጠብ በተነሣ ጊዜ ከዚህ ርቆ ይሄዳል። በራሱ ላይ የሚያውቀው ክፉ ነገር ባይኖርም ይህ እንደማያጸድቀው፣ የሚፈርድበት ጌታ መሆኑን ይናገራል (1ኛ ቆሮ. 4፥3–5)። ንጹሕ ሕሊና እንኳ የመጨረሻው ዳኛ አይደለም ማለት ነው። ካልቪንም እ.ኤ.አ. በ1559 በመጨረሻ መልኩ ያወጣውን ትልቁን የትምህርተ ሃይማኖት ሥራውን የጀመረው በዚሁ ነጥብ ነው፤ ሰው አስቀድሞ የእግዚአብሔርን ፊት ሳያይ ራሱን በትክክል ሊያውቅ አይችልም።

የዳዊት ታሪክ ይህን በግልጽ ያስተምረናል (2ኛ ሳሙ. 12)። ዳዊት ፍትሕን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስለ ድሃው በግ ሲሰማ ቁጣው ነደደ፣ ፍርዱንም ሰጠ። ያጣው ያ በግ የነጣቂው ማን እንደ ሆነ ማወቁን ነው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የምንለው እንዲህ ላለው ነው። ዳዊትን ከዚህ ያወጣው ጸጥ ብሎ ራሱን መመርመሩ አይደለም፤ እግዚአብሔር ናታንን ላከ፣ ናታንም በር አንኳኩቶ ገባ። ራስን ማወቅ በመጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው አፍ ይመጣል።

ሁለተኛው ጉድለት የትሕትና ደመወዝ ጉዳይ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሚመሰገኑት አብዛኞቹ ጄኔራሎች፣ አሠልጣኞችና የድርጅት መሪዎች ናቸው። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሆሊደይ በታማኝነት አገልግሎ በንጉሠ ነገሥቱ የተዋረደውን የቢዛንታይን ጄኔራል ቤሊሳርዮስንም ያነሣል፤ ጥረት ያለ ዋጋም በቂ ነው ይላል። ቢሆንም የመጽሐፉ አጠቃላይ ጉዞ ትሕትናን ወደ ላይ መውጫ መሰላል ያስመስለዋል፤ ኢጎህን ግዛ፣ የተሻለ ትሠራለህ፣ ሩቅ ትደርሳለህ። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1515ና በ1516 ስለ ሮሜ መልእክት ባስተማረበት ጊዜ ኃጢአተኛውን ሰው ወደ ራሱ የጎበጠ ብሎ ገልጾት ነበር፤ እንዲህ ያለው ሰው የእግዚአብሔርን በጎ ስጦታ እንኳ ለራሱ ጥቅም ያጎብጠዋል። ትሕትናም ለስኬት ስንል የምንለብሰው ከሆነ ከዚህ ጉብጠት አያመልጥም።

ቃላችን ራሱ ይህን ያስታውሰናል። ትሕትና ከግእዙ «ታሕት» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ታች ማለት ነው። ከስሜት በፊት ቦታን ያመለክታል። በአዲስ ኪዳን ዘመን በነበረው የግሪክና የሮም ዓለም ይህ ቃል በአብዛኛው ለዝቅተኛ ሰው ይነገር ነበር እንጂ እንደ በጎ ምግባር አይቆጠርም ነበር። ጳውሎስ ቃሉን አንሥቶ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ያስተማረው ጠቃሚ ስለ ሆነ አይደለም፤ ክርስቶስ ወደዚያ ወደ ታች ስለ ወረደ ነው (ፊልጵ. 2፥3–11)። ክርስቶስ ከፍ ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ ከፍ ያደረገው ግን አብ ነው። ክርስቶስ የወረደው ለመውጣት አስልቶ አይደለም፤ እየታዘዘ እስከ መስቀል ወረደ።

ሦስተኛው ጉድለት የሆሊደይ ሳይሆን የእኛ ነው፤ መጽሐፉን የምንጠቀምበት መንገድ። «ኢጎ አለበት» የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥሩ ዱላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለ ገንዘብ አያያዝ የጠየቀ ሽማግሌ ኢጎ አለበት ይባላል፤ ለምን እኔ አልተማከርኩም ያለች የሴቶች አገልግሎት አስተባባሪ ትሕትና ጎደላት ትባላለች። በፊልጵስዩስ 2 ግን ምሳሌ የሆነው ከሁሉ በላይ የነበረው እርሱ ነው። ትሕትና ከላይ ይጀምራል። አስቀድሞ በተዋረደው ላይ የሚሰበክ፣ ሰባኪውን ግን የማይነካ ትሕትና የክርስቶስ ትሕትና አይደለም።

ኦኔሲሞስና አስቴር

ሆሊደይ ምሳሌዎቹን ከሮምና ከአሜሪካ እንደ ሰበሰበ፣ እኛም ለባሌ ጉባኤ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ከራሳችን ታሪክ አለን። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሲነገር ኦኔሲሞስ ነሲብ ይጠራል፤ ይገባዋልም። እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር የተወለደው ይህ ሰው በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ብዙ እጅ ካለፈ በኋላ በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ። በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ተማረ፤ በ1872 ተጠመቀ፤ ወደ ስዊድንም ሄዶ ሠለጠነ። በግእዝ ፊደል የተጻፈው አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ።

ነገር ግን በልጅነቱ ከአገሩና ከቋንቋው የተነጠለ ሰው ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚበቃ የቃላት ሀብት በአፉ አልነበረውም። ይህን ጉድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። እርስዋም ከባርነት ነጻ የወጣች፣ ምጽዋ አጠገብ በነበረው የምኩሉ የሚስዮን ትምህርት ቤት የተማረች፣ ለቋንቋው ልዩ ተሰጥኦ የነበራት ወጣት ነበረች። ቃላቱን ሰበሰበች፤ ከሕዝቡ አፍ የምታስታውሰውን ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ጻፈች። በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍም በአብዛኛው ከእርስዋ የመጣ ነው። የመጽሐፍ ቅዱሱም ትርጉም ያለ እርስዋ ቃላት ያ ሆኖ አይገኝም ነበር።

ስለ ኦኔሲሞስ ልብ ልመሰክር አልሞክርም፤ የማየው ሥራው የተሠራበትን መንገድ ነው። አውሮፓ ደርሶ የሠለጠነው አገልጋይ በገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋው የጎደለውን ከእርሱ በዕድሜ በብዙ ከምታንስ ሴት ተቀበለ። ይህ ራስን ማወቅ ነው፤ ግን በመስተዋት ፊት የተገኘ ማወቅ አይደለም። ሥራው አስገደደው፣ እርስዋ ሞላችው። እኔ ከጎባ በላይ ያጣሁትም እርሱ የተቀበለውን ነው፤ ቃል። ኦኔሲሞስ የጎደለውን ሲቀበል መጽሐፍ ቅዱስ ተገኘ፤ እኔ የጎደለኝን ሲሰጡኝ ተናደድኩ።

እዚህ ላይ የእኛም የታሪክ አነጋገር ሊወቀስ ይገባል። ለብዙ ዘመን በመድረኮቻችን ኦኔሲሞስን ብቻውን አቁመን አስቴርን ረስተናል። ይህ የእርሱ ትዕቢት አይደለም፤ የእኛ ነው። አንድ ታላቅ ሰው ብቻውን የሠራው ታሪክ ይጥመናል፤ ምክንያቱም እኛም እንደዚያ መታየት እንፈልጋለን። የሁለቱን ታሪክ አንድ ላይ መናገር ኦኔሲሞስን አያሳንሰውም፤ የበለጠ እንድናምነው ያደርገናል።

በባሌ ይህ ለምን ይከብዳል?

ባሌ ውስጥ የወንጌል አማኞች ጥቂት ነን። በዙሪያችን ያለው ሕዝብ አብላጫው ሙስሊም፣ አብላጫውም አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። በሮቤና በጎባ ከተሞች አማርኛ ይሰማል፤ ወደ ገጠሩ ስንወጣ ግን ሁኔታው ይለወጣል። አገልጋዩ በተማረበት ቋንቋ ብቻ ሲናገር ሰሚው ወንጌሉን ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነገር አድርጎ ቢወስደው አይገርምም። ስለዚህ የሰባኪው «እኔ» በዚህ ምድር ላይ የግል ድካም ብቻ ሆኖ አይቀርም። የቃሉን መንገድ ይዘጋል።

ጳውሎስ በጉባኤ ውስጥ በማይታወቅ ልሳን ከሚነገሩ እልፍ ቃላት ይልቅ ሌላውን የሚያስተምሩ አምስት ቃላትን እንደሚመርጥ ይናገራል፤ የሚተረጉም ከሌለም ተናጋሪው በጉባኤ ዝም እንዲል ያዝዛል (1ኛ ቆሮ. 14፥19፣ 28)። ጉዳዩ ስለ ልሳን ስጦታ መሆኑ ግልጽ ነው፤ መርሑ ግን ለእኛም ይደርሳል። የንግግር መለኪያው የተናጋሪው ችሎታ ሳይሆን የሰሚው መታነጽ ነው። አስተርጓሚዬ ያሳጠሩት የእኔን እልፍ ቃላት ነበር። የተናደድኩት ጉባኤው ስላልታነጸ አልነበረም፤ በእኔ ስላልታነጸ ነው።

በሦስተኛው የዮሐንስ መልእክት ስለ ዲዮጥራጢስ ስናነብ ብዙ ጊዜ የሚታወሰን ዋነኛ መሆን መውደዱ ነው። ዮሐንስ የሚያወጣው ምልክት ግን አለመቀበሉ ነው፤ ሐዋርያውን አልተቀበለም፣ እንግዶቹን ወንድሞች አልተቀበለም፣ የሚቀበሉትንም ከለከለ (3ኛ ዮሐ. 9–10)። ትዕቢት ከፍ ባለ ድምፅ ብቻ አይታወቅም፤ ከማን እንቀበላለን በሚለው ይለካል። ጴጥሮስ በአንጾኪያ በሁሉ ፊት በጳውሎስ ተገሠጸ (ገላ. 2፥11–14)፤ በሁለተኛው መልእክት ግን ጳውሎስን የተወደደ ወንድም ብሎ ይጠራዋል (2ኛ ጴጥ. 3፥15)። ተግሣጽ ተቀብሎ ገሣጩን መውደድ መንፈስ ቅዱስ በሰው ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው።

እርግጥ፣ እርስ በርስ መታረም ለመቆጣጠሪያ መሣሪያነት ሊውል ይችላል የሚል አለ። ስጋቱ እውነት ነው። ስለዚህም እርማት ወደ ታች ብቻ እንዳይፈስስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጳውሎስ በገላትያ 6፥1 የሚያቀናው ሰው ራሱን እንዲጠብቅ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። መጋቢ ሽማግሌዎችን የሚገሥጽበት፣ ሽማግሌዎች ግን መጋቢውን የማይጠይቁበት ቤት ይህን ትእዛዝ በግማሽ ብቻ ነው የያዘው።

እንግዲህ «ኢጎ ጠላት ነው» የሚለውን መጽሐፍ አንብቡ፤ ምርመራው ጥሩ ነው። መድኃኒቱን ግን ከእርሱ አትጠብቁ። ለሴሚናሪ ተማሪዎቼ በእርሱ ፈንታ የማቀርብላቸው ጥያቄ ቀላል ነው፤ «ተሳስተሃል» ሊላችሁ ፈቃድ ያለው ሰው ማን ነው? ስሙን መጥራት ካልቻላችሁ ስለ ትሕትና ያነበባችሁት ሁሉ ገና ወረቀት ላይ ነው። በአስተርጓሚ የምታገለግሉም፣ አስተርጓሚያችሁን ከመድረኩ በፊት ስንት ጊዜ አብራችሁት ተቀምጣችኋል? ጉባኤው ከተባረከ በኋላስ ስሙን አመስግናችኋል?

ወደዚያች ጉባኤ ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ስብከቴን ይዤ አንድ ቀን ቀድሜ ሽማግሌው ቤት ደረስኩ። ገጽ በገጽ አነበብኩላቸው። ሦስት ቃላት አስለወጡኝ፤ አንዱን ምሳሌ ደግሞ «ይህስ ይቅር፣ መምህር» አሉኝ። ከሁሉ አሳምሬ የጻፍኩት እርሱ ነበር። ተውኩት።